ጉርሻ ለሳክስፎኑ

አክስቴ ሰባ ዓመት ሲኖሩ ሙዚቃ ፍለጋ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ሙዚቃው ነው እሳቸውን ፍለጋ ሲመጣ የኖረው። ኮልፌ አጠና ተራ ያለው የግቢያቸው በር ቆርቆሮ ነው፤ ያልተንኳኳበት የዜማ ዓይነት የለም። ለቡሄ የሰፈር ልጆች ደጁን በዱላ ይደልቁታል። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ይደረደሩበታል። ከጾም መልስ ደግሞ የጎረቤት ሠርግ ድንኳን አንዱ ገመድ የሚታሰረው እዚሁ በር ማጠፊያ ላይ ስለሆነ፣ ሙሽራው ሲጨፈርለት የአክስቴም በር አብሮ ይጨፍራል።

ከሁሉም የሚብሱት ላሊበሎች ናቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ አንባቢ ላያውቃቸው ይችላልና ላስረዳ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ የሚያዜም ላሊበላ እኔም እስካሁን አላጋጠመኝም። ላሊበላ የሚመጣው ጎሕ ሳይቀድ ነው። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ይሆናሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ አንዱ ይቀበላል። ማዜም ከመጀመራቸው በፊት የቤቱን ባለቤት ስም አጣርተዋል። አንተ ብርድ ልብስህን ተከናንበህ «ዝም ካልኩ ይሄዳሉ» ስትል፣ ስምህ ከደጅ በዜማ ይጠራል። ቀጥሎ የሚስትህ። ቀጥሎ የልጅህ። ስሙ እየተጠራ የሚተኛ ሰው የለም። ትነሳለህ፣ ከእጅህ ያለውን ትሰጣለህ፣ ምርቃቱ ይወርድልሃል፤ ከዚያ እነሱ ወደሚቀጥለው በር፣ አንተ ወደ ቀዘቀዘው አልጋህ።

አክስቴ ስለ ሙዚቃ የሚያውቁት ሕግ እንግዲህ ይህ ነው፦ ዘፋኝ እንግዳ ነው፣ ሰሚ ባለቤት ነው። ዳቦ ይወጣል፣ ምርቃት ይገባል።

ዳቦ ሳይሰጡ የሰሙት ሙዚቃ ቢኖር የጥሩንባ ነው። ልጅ ሳሉ ኮልፌ ከነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር በየማለዳው ጥሩንባ ይሰማ ነበር ይላሉ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ዘንድ ነው፤ ስድስት ወር ሊቆይ መጥቶ፣ ስምንት ሳምንት ያህል እንደሠለጠነ ከሀገሩ ጥሪ ደርሶት ተመለሰ። አክስቴ «አይቼዋለሁ» ይላሉ። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ረዥም ጥቁር ሰው እየሮጠ ሲያልፍ አይተው ይሆናል፤ ኮልፌ ውስጥ ረዥም ጥቁር ሰው እየሮጠ ሲያልፍ ማየት ደግሞ ያን ያህል ብርቅ አይደለም። አልከራከራቸውም። ምስክርነታቸውን የሚዘጉባትን ቃል ስለምወዳት ነው፦ «በጥሩንባው እኩል ነበር የምንነሳው፣ እኔና እሱ።»

ባለፈው ፋሲካ ልጄ ወሬ ይዛ መጣች። የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ መናፈሻው ውስጥ ላይቭ ባንድ አለ፤ እማማንም ይዘን እንሂድ።

«ላይቭ ምንድን ነው?» አሉ አክስቴ።

«በሕይወት ያለ ማለት ነው፣ እማማ። ዘፋኙ ፊትዎ ቆሞ ሲዘፍን።»

«የሞተ ሰው ይዘፍናል እንዴ?»

ልጄ ምንም ሳትመልስ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመች። ጥላሁን ገሠሠ እየዘፈነ ነበር።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ ቀኑ ፋሲካ ነበር። ያን ዓመት ወሬው ሰፈራችን ሲደርስ አክስቴ የወጡን ድስት ከድነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፍ ተቀመጡ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ የተሠራ የአክስቴ ዶሮ እስከ ማክሰኞ ድስቱ ውስጥ አደረ። በእኛ ቤት ታሪክ ዶሮ ለሰው ሐዘን ሲባል የተከደነው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አጎቴ ያረፉ ጊዜ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ተበልቷል።

«እንሂድ» አሉ አክስቴ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። «በሕይወት ሳለ አንዱን እንኳ ልየው።»

የቱ መናፈሻ የሚለው ትንሽ አከራከረን። እኔ ሐሳቤ ወደ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነበር። ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ ጉለሌና ኮልፌ ቀራኒዮ ተካፍለውታል፤ የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ያቋቋሙት የዕፅዋት መጠበቂያና መመራመሪያ ነው። ሙዚቃ ባይኖር ወፍ አለ አልኩ። አክስቴ ቀና ብለው አዩኝ።

«ያ ተራራ? ልጅ ሆኜ እንጨት ለቅሜ፣ ተሸክሜ፣ ጥበቃ እያባረረኝ የወረድኩበት ተራራ? ዛሬ ከፍዬ ልግባ?»

ይህን ክርክር አውቀዋለሁ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈትም ያሉት ይህንኑ ነው። ከዚያ ጋራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ያወረደች የአዲስ አበባ ሴት ጋራውን እንደ መዝናኛ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ወገቧ አያምንም። ብሔረ ጽጌ ደግሞ ከእኛ ሰፈር ከተማውን አቋርጦ መሄድ ነው፤ በበዓል ሰሞን ታክሲ፣ ድፎ ዳቦ ታቅፎ፣ አይታሰብም። ስለዚህ ልጄ ወዳለቻት፣ እዚሁ ወደ እኛው አካባቢ ወዳለችው ትንሽ መናፈሻ ሆነ። ስሟን አልጠራም። ለምን እንደማልጠራ መብራት ሲጠፋ ይገባችኋል።

አክስቴ የተዘጋጁት ለሁለት ሰዓት ሙዚቃ ሳይሆን ለሦስት ቀን መንገድ ነው። አንድ አገልግል ዶሮ ወጥ ከነእንጀራው፣ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል፣ ቡና በፔርሙስ። ጀበናውንም ይዘው ነበር፤ ከሰል እንደማይፈቀድ ልጄ ግማሽ ሰዓት ለምና አስቀረችው። መናፈሻ ውስጥ እሳት ከሌለ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚሄድ አክስቴ ሊገባቸው አልቻለም።

በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ወንድ በግራ፣ ሴት በቀኝ፣ አገልግል በመሐል። ጥበቃው ለጋ ልጅ ነው፤ ሥራውን አክብሮ ይሠራል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ዶሮ።»

«ይሄኛውስ?»

«ዳቦ።»

«ከሥሩ ያለው?»

«ቢላዋ።»

«ቢላዋ አይገባም።»

«ዳቦው ታዲያ በምን ይቆረሳል?»

ልጁ አሰበ። ለዚህ መልስ የሰጠው አለቃ የለም። «መመሪያ ነው» አለ።

«መመሪያ ዳቦ አይቆርስም፣ የኔ ጌታ።»

ቢላዋዋ ግን ተወሰደች። የጥበቃው ጎጆ ውስጥ ሁለት የጠርሙስ መክፈቻ፣ አንድ ዱላና አንድ የልጆች ወንጭፍ ካሉበት ተርታ ተቀመጠች። አክስቴ ጥቂት ራመድ ብለው ተመለሱ።

«ሙዚቀኞቹ ገብተዋል?»

«ገብተዋል፣ እናቴ።»

«ምሳ በልተዋል?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቅም? በር ላይ ያለኸው አንተ አይደለህም?»

ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም እንጂ፣ የዕለቱ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነበር።

መናፈሻዋ ሞልታለች። የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ስለሆነ ከምግብ በላይ የሞላት ሙሽራ ነው። በጾሙ የታገደ ሠርግ ሁሉ ግድቡን ጥሶ የሚፈስሰው በእነዚህ ሳምንታት ነው። ሦስት ሙሽሮች ቆጠርኩ፤ ሦስቱም ለፎቶ የሚፈልጓት አንዲትን የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ነበር። ቪዲዮ አንሺዎቹ ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ሙሽራ አበባዋን ታሸትታለች፣ ትሄዳለች፤ ቀጣይዋ ያንኑ አበባ ታሸትታለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አበባዋ ሽታዋ ያለቀ ይመስለኛል። «ሣር ላይ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚለው ሰሌዳ ሥር አንድ ሰፊ ቤተሰብ ሰሌዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሰሌዳው ጥላ አለው።

የእድራችን ጸሐፊ ቀድመውን መጥተው ቦታ ይዘውልናል። ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ዝም ማለት የማይችሉበት ነገር ቢኖር ታሪክ ነው። መድረኩ ላይ አንድ ወጣት ሁለቱ ሞንታርቦዎች መሐል ቆሞ «ሄሎ… ሄሎ… አንድ ሁለት… ሄሎ» ይላል። ይህን አርባ ደቂቃ አለው። ለማን እንደሚደውል አላወቅንም፤ ያኛው ግን አላነሳም። ጸሐፊው በዚህ አርባ ደቂቃ ውስጥ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ጨረሱልን።

«ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ» ብለው ጀመሩ። «ከዓድዋ በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ለምኒልክ የትንፋሽ መሣሪያ ላከ። ቀጥሎ በ1916 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ይዘው መጡ። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ በ1923 ንግሡ ላይ የተሰማውን የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ የደረሰው እሱ ነው።»

«ሄሎ… አንድ ሁለት…»

«የወንድሙ ልጅ ኔርሲስ ደግሞ…»

«አርባ ልጅ?» አሉ አክስቴ። «አርባውንም ያበላ ማን ነው?»

ጸሐፊው ቆም አሉ። በሠላሳ አምስት ዓመት የማስተማር ዘመናቸው ይህን የጠየቀ ተማሪ አልነበረም። «ቤተ መንግሥት ነዋ» አሉ በመጨረሻ፣ ትንሽ እያመነቱ።

አክስቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱ አጥግቧቸዋል። ጸሐፊው ግን መስመራቸውን ስተው ወደ ሀገር ፍቅር ዘለሉ፤ በ1927 ጣሊያን ሊወርረን ሲያሰፈስፍ መኰንን ሀብተ ወልድ ማኅበሩን መሥርተው አራዳ ላይ ሕዝብ ሰብስበው በመሰንቆና በክራር ሕዝቡን እንዴት እንዳነሳሱ፣ ከዚያ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ምድር ጦር እያንዳንዱ የራሱን ኦርኬስትራ እንዴት እንዳቆመ። አንድ ነገር ግን ከንግግራቸው መሐል ጠልቆ ቀረኝ። የዚህ ሀገር ባንድ ለረዥም ጊዜ ዩኒፎርም ለባሽ ነበር። ወታደር ሲነፋ ሕዝብ ቆሞ ይሰማል፤ ጉርሻ አይታሰብም፣ ለማን ይሰጣል? ለሻምበሉ?

በመጨረሻ ተጀመረ። አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ሳክስፎን፣ እና ጥግ ላይ በነጭ ልብስ አንድ ጎልማሳ ባለ መሰንቆ። የመጀመሪያው ዘፈን የበዓል ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማንም ግን አልተንቀሳቀሰም።

ይህን ነገር ብዙ አሰላስየዋለሁ። እኛ ዝም ብሎ መስማት የማናውቅ ሕዝብ ነን እንዴ? ሠርግ ቤት ብንሆን እስካሁን ትከሻችን አይችልም ነበር። ቤት ብንሆን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ በፒጃማ ቆሎ እየቆረጠምን ዘፋኙን ከጫማው እስከ ፀጉሩ እንገመግመው ነበር፤ «ወፍሯል»፣ «ይቺ ሸሚዝ ያምናዋ አይደለችም?» እንል ነበር። እዚህ ግን እሱም ያየናል። እሱ ሲያየን ደግሞ ነገሩ ይደበላለቃል። እኛ ነን የመጣነው፣ ስለዚህ እንግዳ ነን፤ ሰፈሩ የእኛ ነው፣ ስለዚህ ባለቤት ነን። እንግዳ ከሆንን «ብሉ፣ ተጫወቱ» የሚለን ማነው? ባለቤት ከሆንን ወንበሩ የማን ነው? ይህ ሳይለይ የሐበሻ ትከሻ አይነሳም።

«እጃችሁን እስኪ!» አለ መድረክ መሪው። «እጃችሁ የት አለ?»

ሁሉም ሰው እጁን አየ። እንጀራ ይዟል።

ነገሩን መጀመሪያ የሰበሩት እንደተለመደው ልጆች ናቸው። ከመድረኩ ሥር ገብተው ዘለሉ። ቀጥሎ አንድ ሙሉ ሱፍ የለበሱ ሰው፣ ከየት እንደመጡ አይታወቅም፣ በቀጥታ መድረክ ወጥተው የዘፋኙ ግንባር ላይ አንድ መቶ ብር ለጠፉ። እዚህ ላይ ስለ ሽልማት ቴክኒክ ጥቂት ማለት ይገባኛል። ብር ግንባር ላይ የሚጣበቀው በላብ ነው። የምሽት ቤት ዘፋኝ በሁለተኛው ዘፈን ወዝቷል፤ የለጠፍክበት ብር ቅጠል ነው፣ አይወርድም። አዲስ አበባ ግን ከባሕር በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ከጋራው የሚወርደው የኮልፌ ነፋስ ዘፋኝ እንዲያልበው አይፈቅድም። የሰውየው መቶ ብር ግንባሩን ነካ አደረገችና ተነሳች። ሄደች። ልጆቹ ተከተሏት፤ ባለ ሱፉም ልጆቹን ተከተሉ። ብሯ ከሰሌዳው ሥር የነበረው ቤተሰብ ትሪ ውስጥ፣ ቀይ ወጡ ላይ አረፈች።

የማን እንደሆነች ክርክር ተነሳ። ዘፋኙ ግንባሬን ነክታለች ሊል ይችላል፤ ባለ ሱፉ ገና አልሰጠሁም ሊሉ ይችላሉ፤ የትሪው ባለቤት ደግሞ በእርጋታ በእንጀራ ጠቅልለው አነሷትና «ይህቺ አሁን የወጡ ናት» አሉ። ጸሐፊያችን እድር ቢሆን ኖሮ በየትኛው አንቀጽ እንደሚዳኝ ሊያስረዱኝ ሞከሩ።

ባንዱ ወደ ትዝታ ገባ። ትዝታ ጸጥታ ይፈልጋል፤ ሦስት የሙሽራ አጃቢ ግን ጸጥታ የሚባል አያውቅም። ከጽጌረዳዋ በኩል ከበሮና እልልታ ተነሳ፤ ዘፋኙ ስለ ተለየችው ሲያለቃቅስ እነሱ ስለመጣችው ይጨፍራሉ። ትንሽ ታገለ። ከዚያ ብልህ ሰው ነውና ዞር ብሎ ለኪቦርዱ ጠቀሰው፤ ትዝታው በአንድ እስትንፋስ የሠርግ ዘፈን ሆነ። ስሕተቱ የገባው ሦስቱም አጃቢዎች ለእኛ ነው ብለው ሲመጡ ነው። ሦስት ሙሽራ፣ ሦስት ሚዜ ጭፍራ፣ ሦስት ቪዲዮ አንሺ በአንድ መድረክ ሥር። ከእነዚያ ሦስት ጥንዶች አንዱ ዛሬ አልበሙን ሲያይ ራሱን ከሌላ ሰው ሚስት ጎን እየሳቀ ቆሞ ያገኘዋል።

መብራት የጠፋው ይኼኔ ነው።

ሞንታርቦዎቹ አንዴ ጓ ብለው ዝም አሉ። የኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶች ትንሽ ቆይተውም ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ኪሱን የተበረበረ ሰው ኪሱን ደጋግሞ እንደሚዳስሰው። ጄኔሬተር ነበር። ሁለት ሰዎች ገመዱን አሥራ አምስት ጊዜ ጎተቱት። በአሥራ ስድስተኛው አንዱ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ፤ ቤንዚን የለም። ሌላኛው «ፋሲካ ነው እኮ» አለ፣ ጄኔሬተሩም የፈሰከ ይመስል።

መድረክ መሪው ያለ ማይክ ድምፁ ቀጭን ሆነ። ይቅርታ ሲጠይቅ ከንፈሩን ብቻ ነው ያየነው። ሰው ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ያን ጊዜ ጥግ ላይ ያለው ባለ መሰንቆ ወንበሩን ጎትቶ ከመድረኩ ወረደና ሣሩ ላይ፣ ከሰዎቹ መሐል ተቀመጠ። መሰንቆ መብራት አይቆጥርም። ሳክስፎኑም ተከትሎት ወረደ፤ ትንፋሽም አይጠፋም። ድራመሩ አንድ ከበሮ ከሙሽሮቹ ተዋሰ። ሰው ዕቃውን መልሶ ዘረጋ፤ ለመስማት ግን መጠጋት ነበረበት። ወንበሮች እየተጎተቱ መጡ፤ ከሰሌዳው ሥር ያሉትም ጥላቸውን ለቀው መጡ። ቅድም ሃምሳ ሜትር ተራርቀን የተያየን ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ተነካካን።

«አሁን ገና ሙዚቃ ሆነ» አሉ አክስቴ። ተነሱም።

አገልግሉን ከፈቱ፣ እንጀራ ቆረሱ፣ ከፈረሰኛው ሥጋ ቀንጥበው በደንብ አድርገው ጠቀለሉ። ወዴት እንደሚሄዱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሳክስፎኒስቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ አንድ ረዥም ድምፅ ይዞ ነበር። አክስቴ ፊቱ ቆመው ጉርሻውን ከአፉ አንድ ጋት ላይ አስጠጉና ጠበቁ። ዓይኑን ገለጠ። ወጡ በአክስቴ ክንድ ላይ ወደ ክርናቸው እየወረደ ነው። ልጁ በዓይኑ ለመነ፤ «እማማ፣ ትንሽ፣ ቤቱ ይለቅ» ዓይነት ነገር። አክስቴ ደግሞ የእናት ክንድ ሲዝል የሚያሳየውን መንቀጥቀጥ ማሳየት ጀመሩ። ልጁ በመሣሪያና በአስተዳደግ መካከል ተያዘ። ሳክስፎን የሚነፋ አፍ አንድ ነው፤ የሚጎርሰውም ያው ነው። በመጨረሻ ያ ረዥም ድምፅ በመሐል ተቆረጠ፤ አፉ ተከፈተ፤ ጉርሻው ገባ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ቀኑን ሙሉ መድረክ መሪው ሲለምነው የነበረው ጭብጨባ ነው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ አክስቴና ሁለተኛውን ለመጠቅለል ተመለሱ።

ባዶውን የሞላው መሰንቆው ነው። ጎልማሳው ሰው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ ክሩን ሳያቋርጥ፣ «ስማቸው ማነው?» አለኝ። ነገርኩት። «የልጆቻቸውስ?» ነገርኩት። «ሰፈር?» አጠና ተራ። ጥቂት አንገቱን ደፍቶ ቆየና ጀመረ፤ ስማቸው በዜማ ወጣ፣ የልጆቻቸው ተከተለ፣ ዶሮአቸው ተመሰገነ፣ ኮልፌ ተመረቀ። ግጥሙን አልደግመውም፤ ለእሳቸው የተሰጠ ነው። አክስቴ ጉርሻውን እንደያዙ ቆሙ። በየማለዳው አልጋቸው ውስጥ ሆነው ሲሰሙት የኖሩትን ነገር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፋኙን ፊት ለፊት እያዩ ሰሙት። አላለቀሱም። «ባትጎርስስ!» ብለው የያዙትን ለእሱ አጎረሱት። እሱም ሲዘፍን ስለነበር ያችኛዋ መስመር ቤት ሳትመታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ግልጽ ነው። ማን ባለቤት፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ተለይቷል። ትከሻዎች ተነሱ። ሙሽሮቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ጸሐፊያችን ስለ ኔርሲስ ናልባንዲያን የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሲወርዱ አየኋቸው፤ ትከሻቸው ከታሪካቸው ይሻላል። ድፎ ዳቦው መሐል ላይ ተቀመጠ። ባለ መሰንቆው በዕድሜ ትልቅ ስለሆነ ባረከው። ሲባረክ ግን ቢላዋው በር ላይ እንዳለ ትዝ አለን።

ቤዝ ጊታሪስቱ መብራት ከጠፋ ጀምሮ ሥራ የፈታ ሰው ነው። ቦርሳውን ከፈተና ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ቀጭን የጊታር ክር አወጣ። «የራሴ አይደለም፣ የሌላ ጊታር ነው» አለ፣ ለምን እንደያዘው ሳይጠየቅ። በሁለት እጁ ወጥሮ ዳቦው ላይ አሳለፈው። ቅርፊቱ ትንሽ ታገለ፣ ከዚያ ለቀቀ። ቢላዋ እንዲህ አይቆርስም፤ ፍርፋሪ የለውም። አክስቴ ቁራሹን አገላብጠው መረመሩ። «ጎበዝ» አሉት። «ሌላም ሥራ አለህ ማለት ነው።»

መብራቱ የመጣው ዳቦው አልቆ ነው። ሞንታርቦው ሳይታሰብ ጮኸ፤ ጉልበት ለጉልበት የነበርነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸን፣ ሕፃናት አለቀሱ። ሙዚቀኞቹ ወደ መድረካቸው ተመለሱ። «ሄሎ» አለ ወጣቱ። «አንድ ሁለት።»

«አበላሹት» አሉ አክስቴ፣ አገልግሉን እየከደኑ።

ከመውጣታችን በፊት ግን ወደ መድረኩ ቀርበው ሳክስፎኒስቱን በእጃቸው ጠሩት። ለዘመን መለወጫ ቤት እንዲመጣ ነገሩት፤ ከነጓደኞቹ፣ ከነባለ መሰንቆው። ልጁ አድራሻ ጠየቀ። «አጠና ተራ ውረድ። አስፋልቱን ይዘህ ትንሽ ሂድ። ወፍጮ ቤት ነበር፣ አሁን የለም፤ እሱን አልፈህ ወደ ውስጥ። ቆርቆሮ በር ነው።»

«እማማ፣ ሁሉም እኮ ቆርቆሮ በር ነው።»

«በር ላይ ቆማችሁ ንፉ» አሉት። «እኔ እወጣለሁ።»

ታክሲ ውስጥ ገብተን፣ አስራ ስምንት ማዞሪያ ስንደርስ፣ ልጄ ድንገት «ቢላዋው!» አለች። ጥበቃው ጎጆ ውስጥ ከወንጭፉ ጎን ቀርታለች። አክስቴ አልደነገጡም። አገልግሉን ከፈት አድርገው አሳዩን፤ ክሩ ባዶው ሣህን ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰጥቷቸው ይሁን ወስደውት አልጠየቅሁም።

«መስከረም ሲመጣ ይወስደዋል» አሉ።